አንዲት ሴት በሦስት ወንዶች እጅ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን የሚታይ አጭር ቴአትር በትምህርት ቤታችን ተሰናድቶ ነበር። የሚያስፈልጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ንጉሥ፣ አንዲት ባልቴትና አንድ ዘበኛ። የንጉሡን ቃለ ተውኔት ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤው ስለነበር ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ፈገግ አሉና፣ "አንቺ ልጅ፣ ሴት ንጉሥ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ንግሥት ዘውዲቱን ልጠራባቸው ይገባኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ ግን መልስ ቶሎ አይመጣም፤ ቶሎ የሚመጣው ዕንባ ነው።

የባልቴቲቱ ክፍል ለአንድ ወንድ ልጅ ተሰጠ። ነጠላ አከናንበው፣ ከዘራ አስይዘው፣ ጀርባውን አጉብጠው አቆሙት። ወላጆች በሣቅ ፈረሱ፤ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። "ወንድ ባልቴት የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔ የዚያን ዕለት መጋረጃ ስስብ ዋልኩ።

ይህን የማነሳው ቂም ለመቁጠር አይደለም። መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ የተናገሩትም ዘመኑ ያስተማራቸውን ነው። ጥያቄው ግን አብሮኝ አደገ። ሰው በመድረክ ላይ ያልሆነውን መሆን የሚችል ከሆነ፣ ፈቃዱ ለአንደኛው ወገን ብቻ የሚሰጠው በምን ሕግ ነው? ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ፈጽሞ ባልጠበቅሁት ሥፍራ ነው፤ ቡንራኩ በሚባለው የጃፓን የአሻንጉሊት ቴአትር ታሪክ ውስጥ።

ኦሳካን በእግሬ አልረገጥኳትም። ቡንራኩን ያየሁት በፊልም ነው። መጀመሪያ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። በመድረኩ መካከል አንዲት ውብ ወጣት ተቀምጣለች። ቁመቷ ከሰው ያነሰ፣ ፊቷ እንደ ወተት የነጣ፣ ልብሷ በሐር የተጠለፈ ነው። ከበስተኋላዋ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። ሁለቱ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው ፊታቸውንም በጥቁር ጨርቅ ሸፍነዋል። ሦስተኛው ፊቱ የተገለጠ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ወጣቲቱ አንገቷን ደፋች፤ የእጅጌዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ ነከሰችው፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ፊት ላይ ግን አንዳችም ነገር አይነበብም። መጀመሪያ ዓይኔ ከእርሱ አልነቀል ብሎ ተቸግሬ ነበር። ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ ሦስቱም ወንዶች ጠፉብኝ። እዚያው ናቸው፤ አልሄዱም። የማየው ግን የምታለቅሰውን ሴት ብቻ ሆነ።

ለመሆኑ ይህች ሴት ከየት መጣች? ስለ ምንስ ወንዶች ብቻ ይዘዋት ቆሙ?

ከመድረክ የወረዱት ሴቶች

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። (በጃፓን ታሪክ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካቡኪ የተባለውን ዝነኛ የጃፓን ቴአትር የጀመረችው ሴት ናት። ኦኩኒ የምትባል ጨፋሪ በ1603 ገደማ በኪዮቶ ከተማ ሰዉን ሰብስባ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ጎራዴ ታጥቃ ትጫወት ነበር። እነሆ የካቡኪ መነሻ ወንድ ሆና የተጫወተች ሴት ናት ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የሴቶች ቡድኖች በየከተማው በዙ፤ ከትርኢቱ ጋር የገላ ንግድ ተያያዘ፤ በተመልካቾች መካከል ጠብ ተነሣ። የቶኩጋዋ መንግሥት በ1629 ሴቶች ከመድረክ እንዲወርዱ አዘዘ። ጠቡን ያነሡት ተመልካቾች ወንዶች ነበሩ፤ የተባረሩት ግን ሴቶቹ ናቸው። በቦታቸው ለጋ ወንዶች ልጆች ገቡ። በእነርሱም ምክንያት ያው ጣጣ ስለመጣ በ1652 እነርሱም ታገዱ። ከዚያ ወዲያ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ጎልማሶች ወንዶች ሆኑ።

የአሻንጉሊቱ ቴአትር ያደገው በዚህ ዘመን ነው። ታኬሞቶ ጊዳዩ የተባለ ተራኪ በ1684 በኦሳካ የራሱን ቤት ከፈተ። ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን የተባለው ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ድርሰቱን ይሰጠው ጀመር። ቡንራኩ የሚለው ስም የመጣው ዘግይቶ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአንድ የቴአትር ቤት ባለቤት ስም ነው። ሥራው በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ በተራኪው፣ ሻሚሴን በሚባለው ባለ ሦስት ክር መሣሪያና በአሻንጉሊቱ። ተራኪው በመድረኩ ጎን ተቀምጦ የወንዱንም፣ የሴቲቱንም፣ የሕፃኑንም፣ የአሮጊቷንም ቃል ብቻውን ይናገራል። አሻንጉሊቶቹ አፍ ቢኖራቸውም ድምፅ የላቸውም።

በዚያ ዘመን አንድን አሻንጉሊት የሚይዘው አንድ ሰው ነበር። በ1703 ቺካማትሱ በጊዜው በእውነት የደረሰን አሳዛኝ ነገር ይዞ "የሶኔዛኪ የፍቅር ሞት" የሚል ተውኔት ጻፈ። ኦሃትሱ የምትባል የመሸታ ቤት ሴትና ቶኩቤይ የሚባል የሶያ ስጎ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ተዋደው፣ መውጫ አጥተው፣ አብረው ሞቱ። ድርጊቱ በተፈጸመ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በመድረክ ታየ። የጊዳዩ ቴአትር ቤት በዕዳ ተይዞ ነበር፤ ይህ ተውኔት ከዕዳው አወጣው ይባላል። ኦሃትሱን ይዞ የተጫወተው ታትሱማትሱ ሃቺሮቤይ የሚባል ወንድ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ አልተደበቀም፤ ሰዉ እያየው ተጫወተ። በ1734 ደግሞ አንዱ አሻንጉሊት ለሦስት ሰው ተከፈለ። ዛሬም ድረስ የምናየው ይህንኑ ነው።

እግር የሌላት ሴት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። ወንዶች ይህችን ሴት እንዴት ይሠሯታል?

ዋናው ሰው በግራ እጁ ጭንቅላቷን፣ በቀኙ ቀኝ እጇን ይይዛል። ሁለተኛው ግራ እጇን ከእንጨት በተሠራ ዘንግ ይመራል። ሦስተኛው አጎንብሶ እግሯን ያንቀሳቅሳል። እርሱ ወገቡ እንዳይቆረጥ ዋናው ሰው ወፍራም የእንጨት ጫማ ተጫምቶ ከፍ ይላል። ሦስቱ በሥራ ላይ ቃል አይለዋወጡም። የዋናው ሰው ትከሻና ወገብ ጥቂት ሲነቃነቅ፣ የአሻንጉሊቷ አንገት ትንሽ ሲዘነብል፣ ሁለቱ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ይህን ማወቅ ግን ዕድሜ ይፈጃል። በሙያው ዘንድ ለእግር አሥር ዓመት፣ ለግራ እጅ አሥር ዓመት የሚል የቆየ አባባል አለ። ጭንቅላት የሚጨበጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ እኔን ያስደነቀኝ ነገር አለ። የወንድ አሻንጉሊት እግር አለው። የሴቷ የላትም! ከወገቧ በታች ያለው ልብስ ብቻ ነው። እግር ያዡ ልጅ ሁለት እጁን በኪሞኖው ጠርዝ ውስጥ ያስገባና ጨርቁን በጣቶቹ ቆንጥጦ ወደፊት፣ ወደኋላ ይለዋል። ተመልካቹም ሴቲቱ ስትራመድ ያያል። ስትቀመጥ ጡጫውን ከጨርቁ ሥር ያቆመዋል፤ ያ ጡጫ ጉልበቷ ነው። እርምጃዋ ከአንድ ወጣት ወንድ ጣቶች የተሠራ ነው ማለት ነው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። የወጣት ሴት ፊት አብዛኛውን ጊዜ ቅንድብ አያነሣም፤ አፍ አይከፍትም። የጦረኛው ፊት ዓይኑን ያጉረጠርጣል፤ እርሷ አትችልም። ያላት አንዲት ትንሽ መርፌ ናት፤ በከንፈሯ ጥግ የተተከለች። ሐዘኗ ሲበረታ የእጅጌዋ ወይም የመሐረቧ ጫፍ በዚያች መርፌ ላይ ይያዛል። ጨርቅ ነክሳ ልቅሶዋን የምትውጥ ሴት ሆነች። ቀሪው የአንገት ዘንበል ማለት፣ የትከሻ መሰብሰብና ዝምታ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ፣ ወገቧን ወደኋላ ለጥጣ፣ በትከሻዋ ላይ ዘወር ብላ ትመለከታለች። የሰው አከርካሪ እንዲያ አይታጠፍም። ተመልካቹ ግን ከዚያ የበለጠ ሴት የለም ብሎ ያምናል።

ተራኪውም ቢሆን ድምፁን አቅጥኖ ሴት ለመምሰል ብዙ አይደክምም። ሴቲቱን የሚለያት በአነጋገሯ ፍጥነት፣ በትንፋሿ አቆራረጥ፣ በምትተወው ቃል ነው።

ይህን ከካቡኪው ጋር አስተያዩት። ዮሺዛዋ አያሜ የተባለ፣ በ1729 የሞተ ዝነኛ የሴት ተጫዋች ነበር። እርሱ ለባልደረቦቹ የተወው ትምህርት፣ ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ ከመድረክ ውጭም እንደ ሴት መኖር አለበት የሚል ነው። አለባበሱ፣ አበላሉ፣ አነጋገሩ ሁሉ። አሻንጉሊት ያዡ ግን እንዲህ ያለ ሸክም የለበትም። ፊቱ ተገልጦ፣ ሽበቱ እየታየ፣ ወንድነቱን ሳይደብቅ ይቆማል። ሴት መሆን የሚጠበቅባት እርሷ ናት፤ እርሱ ሴት አይሆንም፤ ሴት ይሠራል። በመሆንና በመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ አሉ። ዮሺዳ ቡንጎሮ በ1869 ተወልዶ በ1962 እስኪሞት የሴት አሻንጉሊት ጌታ ተብሎ ኖረ። በ1933 የተወለደው ዮሺዳ ሚኖሱኬ ሦስተኛው ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1940 በቡንጎሮ እጅ ገባ። ቆይቶም በሴት ሚና ዝነኛ ከነበረው ከኪሪታኬ ሞንጁሮ ሁለተኛው ተማረ። በ1994 ጃፓን ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ብላ ሰየመችው። በ1998 ስትሮክ መታው፤ በዓመቱ ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ከሰማንያ ዓመት ሥራ በኋላ በ2021 ተሰናብቶ በ2024 አረፈ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ፆታ ሲያጠና ኖረ፤ የአንገቷን አዘነባበል፣ የትንፋሿን አወጣጥ። ስንት ባል ነው የሚስቱን ትንፋሽ እንዲህ ያዳመጠ?

ስለ እግር ካነሣሁ ግን አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ኦሃትሱ እግር አላት፤ ለአንዲት ትዕይንት ብቻ። ቶኩቤይ ከጠላቶቹ ሸሽቶ በምትሠራበት ቤት በረንዳ ሥር ተደብቋል። እርሷ ከላይ ተቀምጣለች። ለሌሎቹ የምትናገር መስላ፣ ለመሞት ቆርጦ እንደሆነ በእግሯ ትጠይቀዋለች። እርሱም ከሥር ሆኖ እግሯን ይዞ በጉሮሮው ላይ ያሳልፈዋል፤ መልሱ ይኸው ነው። ተውኔቱ ለረጅም ዘመን ከመድረክ ጠፍቶ በ1955 እንደገና ከተሰናዳ ወዲህ፣ ለዚህች ቅጽበት ሲባል አንዲት ነጭ እግር ከኪሞኖው ጠርዝ ብቅ ትላለች። የሴት አሻንጉሊት እግር እንደሌላት የሚያውቅ ተመልካች ያችን እግር ሲያይ ይደነግጣል። ሴቲቱ በራሷ እግር የወሰነችው አንድ ነገር ሞቷን ነው።

የማን ሴት ናት?

እስከዚህ ድረስ ወንዶቹን አመስግኛለሁ፤ የሚገባቸውም ነው። ነገር ግን የመጋረጃ ሳቢዋ ልጅ ከጀርባዬ ሆና ትጎነትለኛለች። ይህች ሴት የማን ሴት ናት? ድርሰቱ የወንድ፣ ድምፁ የወንድ፣ እጁ የወንድ፣ ጭንቅላቱን የጠረበው ወንድ። የምናያት ሴት ወንዶች ያዩአት ሴት ናት። ትታገሣለች፤ ጨርቅ ነክሳ ታለቅሳለች፤ ለወንዱ ስትል ትሞታለች። እኛ ዘንድ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል" የሚባል አባባል አለ። ከዚህ የበለጠ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ አላየሁም፤ ሴቲቱ የምታውቀውን ሁሉ ሦስት ወንዶች ይጨርሱላታል።

ቺካማትሱ ራሱ ይህን ጉዳይ አስቦበታል። ከሞተ በኋላ በ1738 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ወዳጁ ያሰፈረለት ሐሳብ አለ። በሱ ተውኔቶች ውስጥ ሴቶቹ በእውነተኛው ኑሮ ሴት የማትናገረውን ይናገራሉ ተብሎ ለሚነሣው ነገር ሲመልስ፣ እንዲያውም ጥበቡ ያለው እዚያ ላይ መሆኑን ያስረዳል። በኑሮዋ የማትናገረውን ካልተናገረች በልቧ ያለውን ማንም አያውቅላትም። ይህን ሳነብ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ ገጽ መላቀቅ አቃተኝ። ሰውየው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እየነገረን ነው። አንደኛ፣ የዘመኑ ሴት አፏ ተለጉሞ እንደነበር። ሁለተኛ፣ የተለጎመው አፍ በእንጨት አሻንጉሊት በኩል እንደተፈታ።

እንግዲህ ፍርዱ አስቸጋሪ ነው። እነዚያ ወንዶች ባይኖሩ ኦሃትሱ የምትባል ምስኪን እንደ ብዙዎቹ ተረስታ በቀረች ነበር። ቢሆንም፣ ስለ እርሷ መናገር የተፈቀደው ለእነርሱ ብቻ መሆኑ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

የጎደለው ግማሽ

ቡንራኩ ያረጋገጠው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሴትነት በመድረክ ላይ ከተጫዋቹ ገላ አይመጣም፤ ከጨርቅ ጠርዝ፣ ከአንገት፣ ከትንፋሽ፣ ከሃያ ዓመት ልፋት ይመጣል። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ ወንድነትም እንዲሁ ነው። የጦረኛው ሣቅ፣ የጎራዴው አመዛዘዝ፣ የአባት ዝምታ፣ ሁሉም የሚማሩት ሥራ ነው። ማንኛዋም ሴት ልትማረው ትችላለች። የማስረጃው አንዱ ግማሽ ተጨብጭቦለት ሌላው ግማሽ መጋረጃ እንዲስብ ተደረገ።

ሴቶቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በመንግሥት ክልከላ ውስጥም ሆነው የጊዳዩን ትረካ የሚማሩ ሴቶች ነበሩ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ክልከላው ሲላላ፣ ሴት ተራኪዎች በቶኪዮ አዳራሾች ነገሡ። በ1875 የተወለደችው ታኬሞቶ አያኖሱኬ ገና በልጅነቷ ዝናዋ ከተማውን ሞላው። ተማሪዎች ከአዳራሽ አዳራሽ ይከተሏት ነበር። ትረካው ልብ የሚነካው ቦታ ላይ ሲደርስ "ምን ይሻለናል! ምን ይሻለናል!" እያሉ ይጮኹ ስለነበር በዚያው ጩኸት ስም ወጣላቸው። አንዳንዱ የመጣው ትረካውን ሊሰማ ሳይሆን ልጅቷን ሊያይ ነው እየተባለ ታምቷል፤ ሐሜቱም ከእውነት የራቀ አይመስለኝም። ቢሆንም ያቺ ልጅ በዚያ መድረክ ላይ የሳሙራዩን ቁጣ፣ የሽማግሌውን ሳል፣ የከዳተኛውን ሣቅ በአንድ ጉሮሮ አውጥታለች። እንደ እርሷ ያሉት ሴቶች መንገድ አልተዘጋም። ታኬሞቶ ኮማኖሱኬ የተባለች ሴት ተራኪ በ1999 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብላለች። የተወለደችው በአዋጂ ደሴት ነው፤ ደሴቲቱ ሴቶች በአሻንጉሊት ቴአትር ጎልተው የሠሩባት ናት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1920ዎቹ በኦሳካ የተጀመረው ኦቶሜ ቡንራኩ ነው፤ የልጃገረዶች ቡንራኩ እንደ ማለት። እዚህ አንድ አሻንጉሊት የሚይዘው ሦስት ሰው አይደለም፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ነች። እንዴት ይቻላል? የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት በገመድ ከተጫዋቿ ጭንቅላት ጋር ይያያዛል። የአሻንጉሊቱ እግሮች ከእርሷ ጉልበት ጋር ይታሰራሉ። ሁለቱ እጆቿ ሁለቱ እጆቹ ናቸው። እርሷ አንገቷን ስታዞር ጦረኛው አንገቱን ያዞራል። እርሷ ጉልበቷን ስታነሣ ጦረኛው ይራመዳል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሦስት ወንዶች አንዲትን ሴት ተከፋፍለው ይሸከማሉ፤ አንዲት ሴት ግን ጎራዴ የታጠቀውን ወንድ ለብቻዋ፣ በራሷና በጉልበቷ አስራ ትሸከማለች። የአገራችን ሴቶች ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም። "ታዲያ ምኑ አዲስ ነው?" ይላሉ።

በሌላ በኩል በ1984 በተከፈተው በኦሳካው ብሔራዊ የቡንራኩ ቴአትር የሚሠሩት ባለሙያዎች ዛሬም ወንዶች ናቸው። የቆየ ሥርዓት ነው፤ የሚሟገቱለትም አሉ። አንድን ጥበብ ሳይበረዝ ማቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ከቅኔ ማኅሌት አጠገብ ያደግን ሰዎች እናውቃለን። እኔ ግን ጥበቡን የሚያቆየው ጡጫውን ጉልበት ማድረግ የሚችለው ልፋት እንጂ የጡጫው ባለቤት ጢም አይመስለኝም።

አባባ ተስፋዬና ካልሲው

የሩቁን አገር እንዲህ ስፈትሽ የራሴን ቤት አልረሳሁም። የእኛም መድረክ ሲጀመር ሴት ተዋናይት አልነበረችውም። በሰው ፊት ቆሞ መጫወት ለጨዋ ልጅ እንደ ውርደት ይታይ ነበርና፣ ወንድ ሲደፍረው አዝማሪ ይባላል፤ ሴት ብትደፍረው ከዚያ የከፋ ስም ይወጣላታል። ስለዚህ ቀሚሱን የሚለብሱት ወንዶች ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ እኔና እኩዮቼ አባባ ተስፋዬ ብለን ያደግንባቸው። ከ40 ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩት ሰው፣ በወጣትነታቸው ሴት ገጸ ባሕርያትን ወክለው በመድረክ ተጫውተዋል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ የተነገረላቸውን ሳዳምጥ፣ ያ በተረቶቻቸው ውስጥ እናቲቱን፣ አያቲቱን፣ ጦጢቱን እንደየአመሏ የሚለይ ድምፅ ከየት እንደመጣ የገባኝ መሰለኝ። ልጅ ሆነን "አባባ ወንድ ሆነው ሳለ እንዴት ጦጢት ይሆናሉ?" ብለን ጠይቀን አናውቅም። ጦጢት ነበሩ፤ አለቀ።

ልጆች ይህን ያውቁታል። የሚረሱት ሲያድጉ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከሁለት አሮጌ ካልሲዎች አሻንጉሊት ሠርታ መጣች። አዝራር ዓይን፣ ክር ጠጉር። አንደኛዋ አያቷ ናት፤ ሌላው አባቷ ነው። "አክስቴ፣ አንቺ አባባን ሁኚ፤ እኔ እማማን እሆናለሁ" አለችኝ። እኔም ካልሲውን አጠለቅሁና ድምፄን በጣም አወፍሬ፣ "እንዴት ዋላችሁ!" አልኩ። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች።

"እንደሱ አይደለም።"

"ታዲያ እንዴት ነው?"

"አባባ ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል። ከዛ ዝም ይላል። ከዛ 'ልጄ በልታለች?' ይላል።"

በሙያው ለእግር አሥር ዓመት የሚጠየቀውን ትምህርት በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ካልሲውን ጎንበስ አደረግሁት፤ የሌለ ጫማ አወለቀ። ተቀመጠ። ዝም አለ። አንገቱ ትንሽ ወደቀ፤ የደከመው መሰለኝ። ከዚያ በራሴ ድምፅ፣ ሳላወፍር፣ "ልጄ በልታለች?" አልኩ።

"አሁን አባባ ነው" አለችና ልትስመው መጣች። የሳመችው ካልሲውን ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ግን አላየችኝም።

ለመጪው ቅዳሜ ንጉሥ ልንሠራ ተስማምተናል። ካልሲው ከእኔ ነው፤ ዘውዱን እርሷ ከወርቃማ ወረቀት ትቆርጣለች። ማን ይሁነው በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ እርሷም ትፈልገዋለች፤ እኔም ቃለ ተውኔቱን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።